በእንግዳው ፊት የተከደነ ገበታ

«ታኮ?» አሉ አክስቷ ረሂማ ከጓዳ ብቅ ብለው። «የጫማ ታኮ ልታበይን ነው?»

ሰሚራ ከት ብላ ሳቀች። «ቀጭን ቂጣ ነው አክስቴ። መሀሉ ላይ የተበጣጠሰ ዶሮ ይደረግና ታጥፎ ይበላል። ሜክሲኮ ነው የሚበሉት።»

«ሜክሲኮ አዲስ አበባ አይደል እንዴ?»

አሁን እናቷ ወይዘሮ ራቢያም ሳቁ። የታኅሣሥ እሑድ ጧት ነበር። ከጉና የሚወርደው ብርድ ደብረ ታቦርን ገና አልለቀቃትም፤ ከሐጂ ዩኑስ የጨርቅ ሱቅ ጀርባ ያለው ኩሽና ግን ሞቋል። ሰሚራ የሐጂ የመጨረሻ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ስላላገኘች ሱቁ ላይ አባቷን ታግዛለች፤ አንድ ቀን ተማሪ የሚሻማበት ትንሽ ምግብ ቤት እከፍታለሁ ብላም ትመኛለች። የዛሬው ምግብ ግን ለዚያ ልምምድ አልነበረም። ዛሬ ምሳ ላይ ነጂብ ይመጣል።

እናትና አክስቷ ነጂብን የሚያውቁት «ድስቱን የሠራው ልጅ» ብለው ብቻ ነው። ድስቱ አክስቷ ጅዳ ኖረው ሲመለሱ ያመጡት፣ ክዳኑ ተቆልፎ በእንፋሎት የሚያበስል ፕሬዠር ድስት ነው። የክዳኑ ጎማ አርጅቶ እንፋሎቱ በጎን ሲያመልጥ፣ ሰሚራ ይዛው ነጂብ የብረት ሥራ ቤት ሄደች። እሱ ግን ከመኪና ጎማ ቆርጦ ሊገጥምላት እንቢ አለ። «ይሄ ቀልድ የለውም» አላት፤ «ፊትሽን ያቃጥልሻል።» ትክክለኛውን ጎማ ከባሕር ዳር አስመጣ። ውኃ ብቻ ጨምሮ እሳት ላይ ጣደውና ሁለቱም ራቅ ብለው ቆመው ጠበቁ። ድስቱ ድንገት ሲያፏጭ ሰሚራ ዘላ የነጂብን እጅጌ ጨበጠች። ፉጨቱ ቆመ፤ እጇ ግን እዚያው ቆየ። ሁለቱም አዩት።

ፍቅራቸው በዚያ ጀመረ። ገና በጧቱ ነጂብ እንዲህ አላት፦ «አያቴ ጋሳይ ላይ ማረሻ የሚቀጠቅጥ ሰው ነበር። አባቴም ቀጥቃጭ ነው፤ እናቴ ሸክላ ትሠራለች። ሰው ባለ እጅ፣ ቡዳ ብሎ የሚሸሸው እኛን ነው። ዛሬ ካልነገርኩሽ ነገ ሌላ ሰው አክፍቶ ይነግርሻል።»

«ሂድ ወዲያ! ይሄ እኮ ድሮ ቀርቷል!» አለችው ሰሚራ። ያን ጊዜ በእጁ የያዘውን ዳቦ ቀምታ ገምጣ በላች። እሱ ቀና ብሎ አያት። ዐይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ሰሚራ ያን ዕለት ወደ ቤቷ የተመለሰችው በራሷ ኮርታ ነው።

ለቤተሰቦቿ ግን አልነገረችም። «መጀመሪያ ይውደዱህ» አለችው። «ከዚያ እንነግራቸዋለን።»

«እኔ መጀመሪያ ቢያውቁኝ ይሻለኛል ሰሚራ።»

«ለእኔ ስትል።»

ለእሷ ሲል እሺ አለ።

ዶሮዎቹ ያረጁ የአገር ዶሮዎች ስለነበሩ በተራ ድስት ቢሆን ቀኑን ሙሉ ይፈጁ ነበር። ከሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቲማቲም፣ ከከሙንና ከበርበሬ ጋር ጥቂት ውኃ ጠብ አድርጋ ቆለፈችባቸው። ድስቱ አፏጭቶ አፏጭቶ እንፋሎቱ ሲያልቅ ከፈተችው፤ ሥጋው ከአጥንቱ በራሱ ወርዷል። በሁለት ሹካ እየሳበች እንደ ክር በጣጠሰችው፤ መልሳ መረቁ ውስጥ አንተከተከችውና ሎሚ ጨመቀችበት። ቂጣውን ከስንዴና ከበቆሎ ዱቄት አቡክታ፣ በጠርሙስ ዳምጣ፣ በደረቅ መጥበሻ አገላበጠች። ጎመኑ፣ ቃሪያው፣ አቮካዶው ተከተፈ። ትሪው ላይ ደርድራ ስትጨርስ እናቷ ቀና ብለው አዩዋት።

«ለድስት ሠሪ ነው ይሄ ሁሉ?» አሉ፤ ፈገግታቸው ግን የገባቸው ነገር እንዳለ ያሳብቅ ነበር።

ሰሚራ ፊቷ ጋለ። ደስታዋን የምትደብቅበት ቦታ አጣች።

* * *

ነጂብ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ጥፍሮቹ ሥር ያለውን ጥቁር ዘይት ፈትጎ ፈትጎ ጣቶቹ ቀልተዋል። «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ጎንበስ አለና ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሐጂ ዩኑስ ወደ ውስጥ እንዲገባ ጋበዙት። ወይዘሮ ራቢያ ራሳቸው ውኃ አስታጠቡት። ሐጂ ስለ መስኮት ብረት ጠየቁት፤ እሱም ረጋ ብሎ መለሰ። ሰሚራ ትሪውን ይዛ ስትገባ እናቷ በዐይናቸው «ደግ ልጅ ነው» አሏት። ትሪውን መሀል ላይ አስቀመጠች፤ ንጹሕ የእጅ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች።

«ድስቴን ያዳንክልኝ አንተ ነህ?» አሉ አክስቷ ረሂማ። «እጅህ ይባረክ! እኔ እኮ ከእንግዲህ ተጥሏል ብዬ ነበር። ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?»

«የጀማል።»

«የቱ ጀማል? የልብስ ሰፊው?»

ነጂብ ወደ ሰሚራ ቀና አለ። የሰሚራ ዐይኖች ለመኑት፤ «አዎ በል፣ ለዛሬ ብቻ አዎ በል» አሉት። እሱም ልመናዋን አነበበ። ትንሽ ቆየና ፊቱን ወደ አክስቷ መለሰ።

«አይደለም እናቴ። የብረት ሠሪው የጀማል። የጋሳዩ ቀጥቃጭ የይማም የልጅ ልጅ ነኝ።»

አክስቷ ሊጎርሱ ያነሱትን እጅ ወደ ጭናቸው መለሱት። ሐጂ ዩኑስ የምንጣፉን ጠርዝ ያዩ ጀመር።

ለሰሚራ ማንም ምንም አላላትም። እናቷ አልጠቀሷትም፣ አክስቷ አላዘዟትም። እጇ ግን ወደ ትከሻዋ ሄደ፤ ፎጣውን አነሳ፤ ገበታው ላይ ዘረጋው። ከነጂብ በኩል ያለውን ጫፍ እንኳ ሳብ አድርጎ አስተካከለው።

ከዚያ ነው ምን እንዳደረገች ያየችው።

ነጂብም አየ። መጀመሪያ ፎጣውን፣ ቀጥሎ እጇን። ወዲያው ግን ዐይኑን ሰበረ፤ እንዳየ እንዳታውቅ ብሎ፣ በዚያች ሰዓት እንኳ ለእሷ አዝኖ። ሰሚራን ከሁሉም በላይ የቆረጣት ያ ነው። ፎጣውን መልሳ ልታነሳው ፈለገች፤ እጇ አልታዘዝ አላት።

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ነጂብ እየተነሳ። «ሥራ ቤት የሚጠብቀኝ ሰው አለ።»

«ብላ እንጂ ልጄ» አሉ ሐጂ ዩኑስ። ድምፃቸው ሲወጣ ነጂብ በሩን አልፎ ጫማውን እያደረገ ነበር።

«እሰይ የኔ ብልህ!» አሉ አክስቷ በእፎይታ። «እኛ ደንግጠን ስንቀር እሷ ናት ቀድማ ያሰበችው! አላህ ጠበቀን።»

ሰሚራ ወደ ጓዳ ገባች። የተሰደበች ብትሆን ይቀላት ነበር። የተመሰገነችበት ነገር እንደ ትኩስ ዘይት አንገቷ ላይ ይወርድ ነበር።

* * *

ልጅ ሳለች ሸክላ ሻጯ ሴትዮ በደጅ ስታልፍ እናቷ «ወተቱን ክደኚ!» ይሏት ነበር። ሮጣ ትከድናለች። ለምን እንደሆነ የነገራት የለም፤ እሷም ጠይቃ አታውቅም። ከዚያ ወዲህ ሰሚራ ስንት መጽሐፍ አነበበች፣ ስንት ፈተና አለፈች። እጇ ግን አብሯት አልተማረም፤ እዚያው ወተቱ ዘንድ ቀርቶ ነበር።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ስልኳን አንስታ ጻፈችለት፦ «ነጂብ፣ ፎጣውን ያለበስኩት ከዝንብ ብዬ ነው። ሌላ እንዳታስብ።»

መልሱ ቆይቶ መጣ። «ሰሚራ፣ በታኅሣሥ ብርድ ደብረ ታቦር ላይ ዝንብ የለም።»

ሌላ ቃል አልጨመረም። ሰሚራ ስልኩን ደረቷ ላይ ይዛ ዐይኗን ጨፈነች። በመጀመሪያው ጥፋት ያፈረችው አንሶ፣ አሁን ደግሞ በውሸቷ አፈረች።

ረቡዕ ዕለት ወደ ሥራ ቤቱ ሄደች። ብረት ሲበይድ አገኘችው። ቀና ብሎ አያት፤ ወዲያው የብየዳ ጭንብሉን ፊቱ ላይ አወረደው። ብልጭታው እንደገና ተነሳ። ሰሚራ ከደጅ ቆማ ጠበቀች፤ ጭንብሉ ግን አልተነሳም። ጠልቶኛል፣ ፊቴን ማየት አልቻለም ብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሐጂ ዩኑስ ሱቅ ገብተው በጨርቆቹ መሀል ተቀመጡ። ልጃቸውን ሱቁ ጥግ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አገኟት።

«ምን ሆነሻል ልጄ? ምግብ ከተውሽ ሰነበትሽ።»

«አባ፣ ቤትዎ የመጣ እንግዳ አዋርጃለሁ።» ከዚያ በላይ መያዝ አልቻለችም። «ደግሞም እንግዳ ብቻ አልነበረም። ላገባው የምፈልገው ሰው ነው።»

ሐጂ ዩኑስ ይቆጣሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን መቁጠሪያቸውን በመዳፋቸው ሰበሰቡ።

«ዛሬ መስጊድ አባቱ ጀማል ከጎኔ ነበር የቆመው» አሉ። «ስንት ዘመን እንዲሁ ትከሻ ለትከሻ ቆመን ሰግደናል። ሰላምታ ተለዋውጠን እንወጣለን። እሱ በዚህ፣ እኔ በዚያ። አንድ ቀን እንኳ ‹ጀማል፣ ቤት ግባና ምሳ እንብላ› ብዬው አላውቅም። ዛሬ ነው ትዝ ያለኝ። ሱጁድ ላይ ሆኜ ነው ትዝ ያለኝ፤ ቀና ማለት አፈርኩ።»

«አባ…»

«አንቺ ፎጣውን ስታለብሺ እኔ የቤቱ አባወራ ምን አልኩ? ‹ብላ› ያልኩት ልጁ ከተነሳ በኋላ ነው።» ድምፃቸው ተሰበረ። «እናትሽን እኔ አነጋግራታለሁ፤ እሺ ትበል አትበል ግን አላውቅም። አንቺ ያጠፋሽውን ግን እኔ ልክስልሽ አልችልም።»

ሰሚራ የአባቷን እጅ ሳመች። አባቷን አፍረው ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ እንደዚያን ቀንም ወዳቸው አታውቅም።

* * *

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ያንን ድስት በክንዷ አቅፋ፣ ምንም ሳታለብሰው፣ በገበያው መሀል አልፋ ወደ ከተማው ዳር ወጣች። የጀማል ቤት ደጃፍ ላይ የነጂብ እናት እማማ ከድጃ ጭቃ ሲያቦኩ አገኘቻቸው። ሲያዩዋት ደነገጡ፤ እጃቸውን ታጥበው፣ በርጩማውን በቀሚሳቸው ጠርገው አስቀመጧት። ማን እንደሆነች ያውቃሉ። ምን እንዳደረገችም ያውቃሉ። አንድም ክፉ ቃል ግን አልወጣቸውም።

ቤቱ ድንች ድንች ይሸታል። እማማ ከድጃ ምድጃው ላይ የነበረውን ድስት ቀስ ብለው አውርደው ከበሩ ኋላ ወሸቁት። ሰሚራ አየቻቸው።

«እማማ፣ ድንቹ የበሰለ መሰለኝ። አያቀምሱኝም?»

ሴትዮዋ ዞር ብለው አዩዋት። «ትበያለሽ?»

«እርቦኛል።»

«እኔኮ…» እማማ ከድጃ ጣቶቻቸውን እያፍተለተሉ ተናገሩ፤ ጥፋቱ የእሳቸው ይመስል። «ሰው እንዳይጨነቅ ብዬ ነው ልጄ። የመጣው ሁሉ ‹ጠግቤያለሁ› ሲለኝ መስማት ሰለቸኝ። ማቅረብ ከተውኩ ቆየሁ።»

ሰሚራ ትኩሱን ድንች ከነልጣጩ በላች። እንባዋ እየወረደ በላች። ድንቹ አቃጥሏት ነው ብለው እማማ ከድጃ ውኃ ሰጧት፤ እሷም ተቀብላ ጠጣች።

ገዝታ የመጣችውን ዶሮ የነጂብ አባት ጀማል ቢስሚላህ ብለው አርደውላት ወደ ገበያ ወጡ። እማማ ከድጃ ገነጣጠሉት፣ ሰሚራ ቆለፈችበት። ነጂብ ለምሳ ወደ ቤት ሲመጣ ከመንገድ ጀምሮ የሚያውቀውን ፉጨት ሰማ። በሩ ላይ ደርሶ ቆመ።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ዶሮ እየሠራሁ ነው።»

«ዶሮ ለይቅርታ የሚበቃ መስሎሽ ነው?»

«አይበቃም» አለች ሰሚራ። ቀና ለማለት አልደፈረችም። «ከዝንብ አልነበረም ነጂብ።»

«አውቃለሁ።»

«እንደምታውቅ አውቃለሁ። ግን ከእኔ አፍ መውጣት አለበት፤ እናትህም ይስሙት። ከአንተ ነው የከደንኩት። ማንም አላዘዘኝም። ዳቦህን ቀምቼ ስበላ ከሰው ሁሉ የተሻልኩ መስሎኝ ነበር። የተሻልኩ አልነበርኩም። ከዚያም ዋሸሁህ። ለእሱም ሰበብ የለኝም።»

ነጂብ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ። የሥራ ልብሱ ላይ የብረት ብናኝ ነበር።

«እኔኮ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲከደንብኝ ነው የኖርኩት» አለ ቀስ ብሎ። «የጎረቤት ሴት ስትከድን አልፌያለሁ። አብሮኝ የተማረ ልጅ ምሳ ዕቃውን ሲከድን አልፌያለሁ። አክስትሽም ቢከድኑ፣ ወላሂ፣ አልፌ እበላ ነበር። አንድ እጅ ግን ቀርቶኝ ነበር ሰሚራ። ይሄኛው አይከድንብኝም ብዬ የተማመንኩበት አንድ እጅ።»

ሰሚራ ፊቷን በሁለት መዳፏ ሸፈነች።

«ረቡዕ ስመጣ ፊትህን አዞርክብኝ» አለች ከመዳፏ ውስጥ። «ጠላኝ ብዬ ነው የተመለስኩት።»

«ጭንብሉን ያወረድኩት ጠልቼሽ አይደለም። እያለቀስኩ ነበር። ወንድ ልጅ በሥራ ቦታው ሲያለቅስ እንዳታዪኝ ነው።»

ድስቱ ዝም አለ። ሰሚራ የምትይዘው ነገር ስላጣች ተነስታ ከእሳቱ አወረደችውና ክዳኑን ልትፈታ እጇን ሰደደች። «ቆይ!» ብሎ ነጂብ ዘሎ የእጇን አንጓ ያዘ። «እንፋሎቱ አልወጣም! አሁን ብትፈቺው ፊትሽን…»

ሁለቱም ባሉበት ቀሩ። ጣቶቹ ሻካራና ሞቃት ነበሩ። ሰሚራ አልተነቃነቀችም። እሱም ትንሽ ቆይቶ ቀስ ብሎ ለቀቃት፤ ወደ ቦታው ተመለሰ። የነካት ቦታ ላይ ደሟ ሲመታ ይሰማት ነበር።

ሥጋውን እሷና እማማ ከድጃ በአንድ ሳህን ላይ በጣታቸው በጣጠሱት። ሰሚራ ከጋገረቻቸው ቂጣዎች የመጀመሪያውን ሞልታ አጠፈችና ወደ ሴትዮዋ አፍ አስጠጋች።

እማማ ከድጃ ወደ ኋላ ሸሹ። «ኧረ ተይ ልጄ! በሩ ክፍት ነው፤ ሰው ያይሻል!»

«ይየኝ እማማ።»

«ለስምሽ ነው የምልሽ…»

«በሞቴ።»

ሴትዮዋ እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፈቱ። ጎረሱ። ከዚያ የቀሚሳቸውን እጅጌ ፊታቸው ላይ አድርገው ዞር አሉ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ሰሚራና ነጂብ አዩ። በመንገዱ ላይ ሁለት ሴቶች ቆም ብለው ወደ ውስጥ አይተው አለፉ። ሰሚራ የሴቶቹን ዐይን በጀርባዋ ላይ አወቀችው። አልዞረችም።

ሁለተኛውን አጠፈች። ለነጂብ ዘረጋችለት።

እሱ እጇን አየ። ለረዥም ጊዜ አየው።

«ሳህኑ ላይ አስቀምጪልኝ» አለ።

አስቀመጠችለት። ራሱ አንስቶ በላ። በልቶ ሲጨርስ ሌላ አነሳ። እሷ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች።

«ሰሚራ፣ እወድሻለሁ» አለ። «እሱ ከቦታው አልተነቃነቀም። ከእጅሽ ለመጉረስ ግን ጊዜ ስጪኝ። እጅሽን ሳይ አሁንም ፎጣው ይታየኛል።»

«እጠብቃለሁ።»

«ብዙ ቢቆይስ?»

«ቢቆይም እጠብቃለሁ። አትቸኩልልኝ።»

ነጂብ አፉን አበሰና በረዥሙ ተነፈሰ። «አባቴ ሽማግሌ ሊልክ ያስባል። ትናንት ማታ ከመስጊድ ሲወጡ አባትሽ ተከትለውት ሄደው እጁን ይዘውታል፤ ‹ሰው ላክብኝ፣ አልመልስም› ብለውታል። እናትሽ ግን ምን ይላሉ?»

ሰሚራ ይህን አልሰማችም ነበር። አባቷ ሱቅ ውስጥ ያን ሁሉ ከነገሯት በኋላ ያደረጉትን ይሄን ደብቀዋታል።

«እማ ልታለቅስ ትችላለች። አክስቴ ደግሞ ጥላን ትወጣ ይሆናል። ቀላል ይሆናል ብዬ አልዋሽህም።»

«አንቺስ?»

«እኔ ሽማግሌዎቹን ደጅ ወጥቼ እቀበላቸዋለሁ።»

እማማ ከድጃ አሁንም ፊታቸውን እንዳዞሩ ነበር። ሰሚራ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ነጂብን አየችው። ኀፍረቷ ገና ፊቷ ላይ ነበር። ልትደብቀው አልሞከረችም። እሱም ዐይኑን አልሰበረም፤ ያለችውን ሁሉ፣ ኀፍረቷንም ጭምር፣ ተቀብሎ አያት።